ለቤት የሚሆን ስማርት ቴሌቪዥን፦ ስንት ኢንች ይበቃል?

የመኸሩ ሰብል ተወቅቶ ጎተራ ከገባና ከፍጆታ የተረፈው ለገበያ ከወጣ በኋላ፣ በርካታ የገጠር አባወራዎችና እማወራዎች ከሚገዟቸው ትልልቅ የቤት ዕቃዎች አንዱ ቴሌቪዥን ነው። ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን አይቶ፣ ጀርባውን ዳብሶ፣ አስኪዶ ነው ገንዘቡን የሚቆጥረው። ቴሌቪዥን ለመግዛት ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ትልቁ ስንት ነው?» የከተማው ነዋሪም በዚህ ረገድ ከገጠሩ ብዙም አይለይም። በሱቅ ግድግዳ ላይ 32፣ 43፣ 55 እና 65 ኢንች ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ትንሹ የማይረባ መስሎ ይታያል፤ ቤት ሲገባ ግን የሱቁ ግድግዳ አብሮ አይመጣም።

በእርግጥ የስክሪኑን ስፋት መወሰን ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሰው የሚቀመጥበት ቦታና ቤቱ ያለው የኤሌክትሪክ ምንጭ። መብራት በሌለበት ቀበሌ ደግሞ ከሁለቱም የኋለኛው ይበልጣል።

ኢንች ምን ይለካል?

የቴሌቪዥን ኢንች የሚለካው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ሳይሆን ከአንዱ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ መሠረት የ32 ኢንች ስክሪን ሰያፉ 81 ሴንቲ ሜትር፣ የጎን ርዝመቱ 71፣ ከፍታው ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። 43 ኢንች 95 በ54፣ 55 ኢንች 122 በ68 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ጠርዙ ሲጨመር ሁሉም በጥቂቱ ይሰፋሉ።

ቁጥሩ የሚያሳስትበት አንድ ነገር አለ። ከ32 ወደ 43 መሸጋገር የአንድ ሦስተኛ ጭማሪ ይመስላል፤ የስክሪኑ ጠቅላላ ስፋት ግን 1.8 እጥፍ ያህል ያድጋል። 55 ኢንች ደግሞ የ32ቱን ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ከጀርባ ሆኖ ይህን ሁሉ ስፋት የሚያበራው አምፖል ነውና የኤሌክትሪክ ፍጆታውም አብሮ ይጨምራል።

ከመደብ እስከ ስክሪን

በተለምዶ የሚሠራበት ልክ፣ ከመቀመጫ እስከ ስክሪን ያለው ርቀት ከስክሪኑ ሰያፍ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ እንዲሆን ነው። ለ32 ኢንች ይህ ከ1.2 እስከ 2 ሜትር፣ ለ43 ኢንች ከ1.6 እስከ 2.7 ሜትር፣ ለ55 ኢንች ከ2.1 እስከ 3.5 ሜትር ማለት ነው። 65 ኢንች ከ2.5 ሜትር በታች በሆነ ርቀት ሲታይ ዓይን ከዳር እስከ ዳር ይንከራተታል፤ አንገትም ይደክማል።

በኮንዶሚኒየም ሳሎን ሶፋው ግድግዳ ተጠግቶ እንኳ ርቀቱ ሦስት ሜትር የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው። በገጠር ቤት መቀመጫው ብዙውን ጊዜ መደብ ነው። መደብ እንደ ሶፋ ወደ ኋላ አይገፋም። ስለዚህ ለግዢ ከመነሣት በፊት ከመደቡ እስከ ቴሌቪዥኑ ቦታ ያለውን ርቀት በሜትር፣ ሜትር ከሌለ በገመድ ለክቶ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ርቀቱ ሁለት ሜትር ከሆነ 32 ወይም 43 ኢንች በቂ ነው።

በበዓል ቀን ወይም ኳስ ባለበት ምሽት ጎረቤት ሁሉ የሚሰበሰብበት ቤት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ይነሣል። ሰው ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን ስለሚቀመጥ ግማሹ ተመልካች የሚያየው ከጎን ነው። አንዳንድ ስክሪኖች ከጎን ሲታዩ ቀለማቸው ይገረጣል፣ ፊትም ይጠቁራል። እንዲህ ላለው ቤት ከጎን ጥርት ብሎ የሚታይ 43 ኢንች፣ ከፊት ለፊት ብቻ ከሚያምር 55 ኢንች ይሻላል። ለማረጋገጥ ሱቁ ውስጥ ቴሌቪዥኑን አስከፍቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሄዶ ማየት በቂ ነው።

የምስሉ ምንጭም ከስፋቱ ጋር መመጣጠን አለበት። በዲሽ ከሚመጡት የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከፊሎቹ በኤችዲ፣ ከፊሎቹ በመደበኛ ጥራት ይተላለፋሉ። መደበኛው ጥራት በ32 ኢንች ላይ ደህና ሆኖ የሚታየውን ያህል በ55 ኢንች ላይ ይፈዛል፤ ከግርጌ የሚያልፈውም ጽሑፍ ይደበዝዛል። በካርቶኑ ላይ «4ኬ» የሚለው ጽሑፍ የስክሪኑን አቅም እንጂ የሚመጣውን ምስል አይገልጽም። በዋናነት የዲሽ ጣቢያዎችን ለሚያይ ቤተሰብ ለ4ኬ ተብሎ የሚጨመር ገንዘብ ብዙም ጥቅም የለውም።

ሶላር ባለበት ቤት

ከአገልግሎት መስመር ርቆ በሶላር በሚኖር ቤት የስክሪኑ ስፋት የሚወሰነው በባትሪው ነው። ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። 12 ቮልት፣ 40 አምፒር ሰዓት የሚል ባትሪ 480 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው የእርሳስና የአሲድ ዓይነት ከሆነ ቶሎ እንዳይሞት ከግማሽ በላይ ባይወጣለት ይመረጣል፤ ስለዚህ በአንድ ምሽት ሊሠራበት የሚገባው 240 ዋት ሰዓት ነው።

በ12 ቮልት በቀጥታ የሚሠራ ለሶላር ተብሎ የተሠራ 24 ኢንች ቴሌቪዥን 15 ዋት አካባቢ ይወስዳል። ሪሲቨሩ 10፣ አንድ አምፖል 5 ዋት ቢጨመር ድምሩ 30 ዋት ይሆናል። ባትሪው እስከ ስምንት ሰዓት ይቆያል ማለት ነው።

በ220 ቮልት የሚሠራ ተራ ቴሌቪዥን ግን ኢንቨርተር ይፈልጋል፤ ኢንቨርተር ደግሞ ራሱ ከሚያልፍበት ኃይል የተወሰነውን ያባክናል። 40 ዋት የሚወስድ 32 ኢንች ከሪሲቨሩና ከአምፖሉ ጋር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሠራል። 70 ዋት የሚወስድ 43 ኢንች ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላም። 110 ዋት የሚወስድ 55 ኢንች ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አያልፍም። አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ከእረፍቱ ጋር ሁለት ሰዓት ሊደርስ ምንም ስለማይቀረው፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦ የተቀመጠው አባወራ የመጨረሻዋን ፊሽካ ሳይሰማ ቤቱ ይጨልማል። የልጆች ማጥኛ አምፖልም አብሮ ይጠፋል።

ያወጡትን 240 ዋት ሰዓት በማግሥቱ መልሶ ለመሙላት ደግሞ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 100 ዋት ያህል ፓነል ያስፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ፓነሉ የሚሰጠው በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። በበጋ የሚበቃ መስሎ የታየው ክረምት ላይ ያንሳል፤ ባትሪው ሳይሞላ እየወጣበት በሄደ ቁጥርም ዕድሜው ያጥራል።

ስለዚህ በሶላር ለሚኖር ቤት በ12 ቮልት የሚሠራ 24 ወይም 32 ኢንች መግዛት፣ ከትልቁ ስክሪን የተረፈውንም ገንዘብ በባትሪና በፓነል ላይ ማዋል የተሻለ ነው። መስመር በሚቀጥለው ዓመት ይገባል ተብሎ ተስፋ በተሰጠበት ቀበሌም ቢሆን ይኸው ምክር ይሠራል፤ ከእነዚህ ቴሌቪዥኖች በ12ም በ220ም ቮልት የሚሠሩ አሉና፣ ሁለቱንም የሚቀበለውን መምረጥ ይቻላል።

ከላይ የተጠቀሱት ዋቶች ለማሳያ የቀረቡ ናቸው። ትክክለኛው ቁጥር ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ስለሚገኝ ከመግዛት በፊት ማንበብ፣ ወይም ማንበብ የሚችል ሰው ይዞ መሄድ ይገባል።

መስመር ባለበት ከተማ የፍጆታው ልዩነት ቤት አያጨልምም፤ ግን ሒሳቡ ላይ ይታያል። በቀን አምስት ሰዓት ቢከፈት 40 ዋት የሚወስደው 32 ኢንች በወር 6 ኪሎዋት ሰዓት፣ 110 ዋት የሚወስደው 55 ኢንች 16.5 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ከፍ የሚል በመሆኑ፣ በመጀመሪያው የ50 ኪሎዋት ሰዓት እርከን ጫፍ ላይ ላለ ቤተሰብ ይህ ልዩነት ወደሚቀጥለው እርከን ሊያሻግር ይችላል። ከሒሳቡ ይልቅ የሚያሰጋው የኃይል መዋዠቅ ነው። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት መንቀል፣ ተመልሶም እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ፣ ከተቻለም ስታብላይዘር መግዛት ያስፈልጋል። ተራ ዲቫይደር ሶኬት ያበዛል እንጂ ኃይል አያስተካክልም።

«ስማርት» ሲባል

ስማርት ቴሌቪዥን ኢንተርኔት ካላገኘ እንደማንኛውም ቴሌቪዥን ነው። ኢንተርኔት ሲያገኝም የሚበላው ዳታ ቀላል አይደለም፦ ቪዲዮ በመደበኛ ጥራት በሰዓት 0.7 ጊጋባይት ገደማ፣ በኤችዲ እስከ 3 ጊጋባይት፣ በ4ኬ 7 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። በየምሽቱ አንድ ሰዓት በመደበኛ ጥራት የሚያይ ቤተሰብ በወር 21 ጊጋባይት ያስፈልገዋል፤ በኤችዲ ከሆነ እስከ 90 ሊደርስ ይችላል። ከስልክ ኢንተርኔት አጋርቶ የሚጠቀም ሰው የቪዲዮውን ጥራት በእጁ ዝቅ ካላደረገ ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ከፍተኛውን ጥራት ራሱ ይመርጥና ጥቅሉ ሳይታሰብ ያልቃል።

ኔትወርክ ደካማ በሆነበት አካባቢ ኤችዲኤምአይና የፍላሽ መሰኪያ ያለው ተራ ቴሌቪዥን መግዛት አያስቆጭም። ኢንተርኔቱ ሲሻሻል አነስተኛ የአንድሮይድ ሣጥን ለብቻው ገዝቶ መሰካት ይቻላል። ስማርት የሚያሰኘው ፕሮግራም ከስክሪኑ ቀድሞ ያረጃልና ይህ መንገድ ከተማም ላለ ሰው የሚያዋጣበት ጊዜ አለ።

ከውጭ አገር በዘመድ የሚላኩ ከ5 እስከ 10 ኢንች የሆኑ፣ በድምፅ የሚታዘዙ የጠረጴዛ ስክሪኖችም በአንዳንድ የከተማ ቤቶች ይታያሉ። ያለማቋረጥ ዋይፋይ ይፈልጋሉ፤ አማርኛም አይታዘዙም። ለቤተሰብ ቴሌቪዥን ምትክ አይሆኑም።

ግድግዳውና ገበያው

55 ኢንች ቴሌቪዥን ከ12 እስከ 16 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ብሎን ጭቃውን ብቻ ይዞ አይቆይም፤ ቋሚው እንጨት ያለበትን ቦታ መትቶ ፈልጎ፣ በሁለት ቋሚዎች ላይ ጠንካራ ጣውላ አጋድሞ፣ መስቀያውን እጣውላው ላይ ማሰር ይገባል። ይህ የማይቻል ከሆነ ቡፌ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ያኔም የቴሌቪዥኑ እግሮች ተራርቀው የተተከሉ ስለሆኑ የቡፌው ርዝመት እንዲበቃቸው አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል። ምድጃ በሚነድበት ክፍል ማስቀመጥ ጭሱና ጥቀርሻው ውስጡ እንዲገባ ያደርጋል። ነጎድጓድ ሲጀምር የመብራቱንም የዲሹንም ገመድ መንቀል አይዘነጋ።

ገበያው ላይ ሜትር ይዞ መገኘት ነውር አይደለም። 32 ኢንች የተባለው የመስታወቱ ሰያፍ 80 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ 32 አይደለም። «ስማርት» የሚል ተለጣፊ ያለበትን ደግሞ አስከፍቶ ከስልክ ኢንተርኔት ጋር ማገናኘት ነው፤ ካልተገናኘ ተለጣፊው ብቻ ነው ስማርቱ። ነጭ ምስል አስደርጎ ጥቁር ነጥብ፣ መስመር ወይም ጥላ መኖሩን ማየትም ተገቢ ነው፤ የተሰበረ ስክሪን ማስቀየር የአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ሊጠጋ ይችላልና። ዋስትናው ስንት ወር እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ በቃል የተሰጠ ዋስትና ሻጩ ሱቅ ሲቀይር አብሮት ይሄዳል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ቴሌቪዥን ልኮ ከሆነ ከመሰካት በፊት የጀርባው ወረቀት ይነበብ። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ በቀጥታ ይሠራል። «120 ቮልት» ብቻ ካለ ግን የአገራችን ሶኬት 220 ቮልት ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር የተሰካ ዕለት ይቃጠላል።