ፈላጊውን የማወቅ ጥረት፦ የመረጃ ፍለጋና የዝንባሌ መዝገብ ታሪክ

አንድ ተማሪ በኮምፒዩተር ላይ «ገና» የሚለውን ቃል ጽፎ መረጃ እንዲቀርብለት ቢጠይቅ፣ የፈለገው በዓሉን ነው፣ ጨዋታውን ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የምንልበትን ቃል? ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ከጽሑፉ ብቻ ለመለየት አይቻልም። መምህሩ ግን ልጁን ስለሚያውቀው ወዲያው ይረዳዋል። መሣሪያ ይህን የመሰለውን ዕውቀት በምን መንገድ ሊያገኝ ይችላል የሚለው ጥያቄ ከስድሳ ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ታሪክ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1958 በአይቢኤም ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ትውልደ ጀርመኑ ሃንስ ፒተር ሉን አንድ እቅድ አቀረቡ። በእቅዱ መሠረት የእያንዳንዱ ሠራተኛ ፍላጎት በቃላት ተገልጾ ይመዘገባል፤ አዲስ ሰነድ ሲመጣም ከሰነዱ የተለቀሙት ቃላት ከመዝገቡ ጋር ተነጻጽረው ለሚመለከተው ሰው ይላክለታል። ሰውየው የሚቀበላቸው ሰነዶችም መዝገቡን ለማደስ ያገለግላሉ። ከዚያ በኋላ ጄራርድ ሳልተን በሃርቫርድ ጀምረው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባስፋፉት ስማርት በተባለው ሥርዓት ሰነዱም ጥያቄውም በቁጥሮች ረድፍ ይገለጽ ጀመር።

ለመምህራን ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን ኢሌን ሪች እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት ጥናት ይመስለናል። ግራንዲ የተባለው ፕሮግራማቸው እንደ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኖ ልብ ወለድ መጻሕፍትን ይጠቁማል። አንባቢው በቅድሚያ ራሱን በጥቂት ቃላት እንዲገልጽ ይጠየቃል፤ ፕሮግራሙም ከእነዚህ ቃላት ተነሥቶ አስቀድመው ከተዘጋጁ የሰው ዓይነቶች ጋር ያዛምደዋል፤ ከስሙ ተነሥቶ ጾታውን እስከ መገመት ይደርሳል። ይህ መምህር በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት አዲስ ተማሪዎቹን ከሚመዝንበት መንገድ እምብዛም የራቀ አይደለም፤ አደጋውም ያው ነው። ይሁን እንጂ ግራንዲ ግምቱን እንደ ግምት ብቻ ይይዝ ነበር። አንባቢው የቀረበለትን መጽሐፍ ካልወደደው ምክንያቱን ይጠይቀዋል፤ በመልሱም መሠረት መዝገቡን ያርማል። የሚጠየቀውም የሚያርመውም ራሱ አንባቢው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990 ዲርዌስተርና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ዘዴ ደግሞ በተመሳሳይ ሰነዶች ውስጥ የሚገኙ ቃላት በትርጉም እንደተቀራረቡ ሆነው ይሰላሉ፤ በመሆኑም «ሐኪም» ብሎ የጠየቀ ሰው «ዶክተር» የሚል ጽሑፍ ሊያገኝ ይችላል። የሰው ዝንባሌም በቃል መልክ ሳይሆን በትርጉም ሊመዘገብ የሚችልበት በር ተከፈተ። (ለአማርኛ ግን «ፀሐይ»ንና «ጸሃይ»ን እንደ አንድ ቃል የሚያይ ቅድመ ዝግጅት ያስፈልጋል።)

ከዚህ በኋላ መዝገቡ የት ይቀመጥ የሚለው ጉዳይ ዐቢይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ቲቫን፣ ዱሜይና ሆርቪትዝ የፈላጊው ሰነዶች በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ እንዳሉ የፍለጋውን ውጤት እንደገና ለመደርደር እንደሚያገለግሉ አሳዩ። ጎግል ግን መዝገቡን በራሱ ዘንድ መያዝን መረጠ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 አገልግሎቱን ስማቸውን ላላስመዘገቡ ፈላጊዎች ጭምር አደረሰ፤ ለዚህም እስከ 180 ቀን የሚደርስ የፍለጋ ታሪክ ይጠቀም ነበር። በእንዲህ ያለው አሠራር ግራንዲ ያቀርበው የነበረው ጥያቄ ቀረ። አደጋው አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ኤኦኤል የተባለው ኩባንያ የ650 ሺህ ያህል ሰዎችን 20 ሚሊዮን ያህል ጥያቄዎች ስማቸውን በቁጥር ተክቶ ለምርምር ቢለቅ፣ ጋዜጠኞች ከጥያቄዎቹ ብቻ ተነሥተው በጥቂት ቀናት ውስጥ የአንዲትን ሴት ማንነት ደርሰውበታል።

ለትምህርት ቤቶች አንድ የተለየ ችግር አለ። ስሙን ላላስመዘገበ ፈላጊ መዝገቡ የሚያያዘው ከኮምፒዩተሩ ጋር እንጂ ከሰውየው ጋር አይደለም። በአንድ ኮምፒዩተር አርባ ተማሪዎች ሲፈራረቁበት መሣሪያው የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጠዋት ኳስ የፈለገው ልጅና ከሰዓት በኋላ ስለ ወባ ያነበበችው ልጅ በእርሱ ዘንድ አንድ ናቸው። ያንኑ ቃል በሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ አስጽፎ ውጤቱን ማወዳደር ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ሥራ ነው።