የቀትሩ ጋኔን

አያቴ ቀትር ላይ ወንዝ አያስወርዱንም ነበር። ጠዋት ቢሆን፣ ወደ ማታ ቢሆን ግድ የላቸውም፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ግን ነገሩ ሌላ ነው። «የቀትር ጋኔን አለ!» ይሉናል። ውኃው ዳር፣ ትልቁ ዛፍ ሥር፣ አመድ የሚደፋበት ቦታ ሁሉ በዚያ ሰዓት የእሱ ነው። ከልጆቹ አንዱ ራሱን ካመመው ወይም ከፈዘዘ ሰበቡ ከዚያ ይፈለጋል። ትምህርት ቤት ገብቼ ዐዋቂ ነኝ ባልኩበት ዘመን በዚህ ስቄባቸዋለሁ። የሳቅኩት ባለማወቄ ነው። ጋኔኑ የአያቴ ፈጠራ አልነበረም፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ መዝሙር 90 ላይ «ጋኔነ ቀትር» ተብሎ በስሙ ሲጠራ ያገኘዋል።

ከዚህ ይልቅ ያስገረመኝ ግን ከ1,600 ዓመታት በፊት በግብፅ በረሃ የኖረ አንድ መነኩሴ በዚህ ቃል ያደረገው ነገር ነው። ጋኔኑን ከወንዝ ዳር አንሥቶ ሰው ልብ ውስጥ አገኘው። በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ምን ምን እንደሚያሳስብ፣ መቼ እንደሚሄድ፣ አንድ ሐኪም የበሽታን ምልክት እንደሚመዘግብ አድርጎ ጻፈው።

የመነኩሴው ስም ኤዋግሪዎስ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ345 ገደማ፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ በጳንጦስ አገር ነው። መቼም የበረሃ ሰው ሲባል ከልጅነቱ ጀምሮ ዓለምን የናቀ ሰው ይመስለናል። ኤዋግሪዎስ እንዲያ አልነበረም። ጥርት ያለ ከተሜ ነበር። ዲቁና የሾመው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ነው፤ በ381 የቁስጥንጥንያ ጉባኤ በተደረገበት ወቅትም እዚያው ከተማ ነበር፤ በክርክር የሚረታው አልተገኘም ይባላል። ደቀ መዝሙሩ ጳላድዮስ እንደሚተርክልን ታዲያ በዚያ የክብር ዘመኑ የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሚስት ወደደ። እሷም ወደደችው። አንድ ሌሊት በሕልሙ ታስሮ፣ ከተማዋን ለቅቆ እንደሚሄድ ወንጌል ይዞ ሲምል አየ። ነቃ፤ በሕልምም ቢሆን መሐላ መሐላ ነው ብሎ ጓዙን ሸክፎ መርከብ ተሳፈረ።

ኢየሩሳሌም ደረሰ። እዚያ ደግሞ ልቡ ተመለሰበት፤ ወደ ጥሩ ልብሱና ወደ ቀድሞ ጨዋታው ገባ። ወዲያው በትኩሳት ወደቀና ስድስት ወር ያህል ማቀቀ። ሐኪሞቹ ምክንያቱን አጡለት። ምሥጢሩን ያወጣጣችው በደብረ ዘይት ተራራ ገዳም የመሠረተችው ሮማዊት ሜላንያ ናት። እንዲመነኩስ ቃል አስገባችው፤ ተሻለው። በ383 ገደማ ወደ ግብፅ ወረደ። ሁለት ዓመት ያህል በኒጥርያ ከቆየ በኋላ ወደ ውስጥ ወደ ኬልያ ገብቶ በ399 እስኪሞት ድረስ 14 ዓመት እዚያው ኖረ። መጽሐፍ እየገለበጠ የዕለት ምግቡን ዋጋ ብቻ ያገኝ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ቁስጥንጥንያን ሸሸ፤ ኢየሩሳሌምን ሸሸ። ኬልያ ላይ ግን የሚሸሽበት አጣ። የቀትሩን ጋኔን ፊት ለፊት ያየው ያኔ ይመስለኛል።

ጋኔኑ የሚመጣው በ4 ሰዓት ነው ይላል፤ እስከ 8 ሰዓት አይለቅም። አንባቢ ልብ ይበልልኝ፦ ኤዋግሪዎስ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው። ፈረንጅ አንባቢ ይህን ለመረዳት መመንዘር አለበት፤ እኛ እንደተጻፈው እናነበዋለን። ያ መነኩሴ በቀን አንዴ የሚበላውም በ9 ሰዓት ነው፤ ይህንንም ዐቢይ ጾምን የጾመ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከ4 እስከ 8 ሰዓት ምን ይሆናል? መጀመሪያ ፀሐይዋ የቆመች ይመስለዋል፤ ቀኑ ሃምሳ ሰዓት ይሆንበታል። ዓይኑ ወደ መስኮት ይሄዳል። ከበዓቱ ብቅ ብሎ 9 ሰዓት ሊሆን ስንት እንደቀረው ፀሐይዋን ያያል። ወዲያ ወዲህ ይቃኛል፤ ምናልባት የሚጠይቀው ወንድም ብቅ ይል ይሆናል። ከዚያ ቦታውን ይጠላል፤ የእጅ ሥራውንም ይጠላል። በመነኮሳቱ መካከል ፍቅር የለም፣ የሚያጽናና አንድ እንኳ የለም ይላል። በቅርብ ያስቀየመው ሰው ካለ ትዝ የሚለው ያን ጊዜ ነው። ሌላ ቦታ ኑሮ ይቀላል፣ ሥራም እዚያ ያዋጣል፤ ደግሞስ እግዚአብሔርን ለማገልገል የግድ እዚህ መቀመጥ ያስፈልጋል እንዴ? ዘመዶቹ ይናፍቁታል። የቀረው ዕድሜ ረጅምና አድካሚ መንገድ ሆኖ ይታየዋል።

ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ የሚያነብበውን መነኩሴ ይሥለዋል። ያዛጋል፤ ዓይኑን ያሻል፤ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ ግድግዳ ያያል፤ ትንሽ ያነብባል፤ ገልብጦ ስንት ቅጠል እንደቀረ ይቆጥራል፤ የጽሕፈቱን አጣጣል ይነቅፋል፤ በመጨረሻ መጽሐፉን አጥፎ ይንተራሰዋል። ይህን ያነበብኩት ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ነበር። አንዱን ገጽ ለመጨረስ ስልኬን ስንት ጊዜ እንዳነሣሁ ባልናገር ይሻላል።

ኤዋግሪዎስ ለዚህ ነገር የሰጠው የግሪክኛ ስም አኬድያ ነው፤ ግድ ማጣት እንደ ማለት። በአማርኛ «ታከተኝ» ስንል የምንለው ነው። ሰው «ታከተኝ» የሚለው ሁልጊዜ ሰንፎ አይደለም፤ ያለበትን ሰዓት መሸከም ሲያቅተው ነው። ከኤዋግሪዎስ የተማረውና በ415 ገደማ ትምህርቱን ወደ ማርሴይ የወሰደው ዮሐንስ ካስያኖስ ይህን በደንብ አስረድቶታል። እሱ የሚነግረን በአኬድያ የተያዘው መነኩሴ እንቅልፋም ብቻ አይደለም፤ ሩጫም ያበዛል። ሩቅ ያለ በሽተኛ መጠየቅ አለብኝ ይላል፤ ዘመድ የሌላትን ያቺን ደግ ሴት ማን ይረዳታል ይላል። በበዓቱ ከመቀመጥ ይህ አይሻልም ወይ? ሰበቡ ሁሉ መልካም ነው። አንድም ክፉ ሐሳብ የለበትም። ሁሉም ግን ከዚህ ቦታና ከዚህ ሰዓት ያወጡታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። በስድስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሮማው ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ የኤዋግሪዎስን ስምንት ክፉ ሐሳቦች ወደ ሰባት ሲያስተካክል አኬድያን ከሐዘን ጋር ቀላቀለው። እየቆየም በምዕራቡ ዓለም ትርጉሙ ስንፍና ብቻ ሆነ። ኤዋግሪዎስም ራሱ ከሞተ ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ በ553 ጉባኤ ከኦሪጀን ትምህርት ጋር ተወገዘ፤ ያን ጉባኤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ባትቀበለውም። ከግሪክኛ ጽሑፎቹ ገሚሱ ጠፋ፤ ሌላው በሌላ ሰው ስም ተሸሽጎ ኖረ። ብዙውን ያተረፉት ሶርያውያንና አርመኖች ናቸው።

በሶርያዎቹ በኩል የሄደው መንገድ ወደ እኛም ይደርሳል። በሰባተኛው መቶ ዓመት የነበረው ማር ይስሐቅ ኤዋግሪዎስን እንደ ታላቅ መምህር የሚያይ ሰው ነበር። ትውልዱ ዛሬ ቀጣር በሚባለው አካባቢ ነው፤ እህቶቻችን ለሥራ የሚሄዱበት ያው አገር። የእሱ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር መጻሕፍተ መነኮሳት ከሚባሉት ሦስቱ አንዱ ሆነ፤ በየገዳሙ እስከ ዛሬ ከነአንድምታው ይተረጎማል። ቁስጥንጥንያን በሸሸው ሰው ልብ ውስጥ የተጀመረው ምርመራ፣ በሦስት ቋንቋ ተሻግሮ የእኛ መምህራን ጉልበት ላይ አርፏል ማለት ነው።

ዛሬ «በአሁኑ ቅጽበት መኖር» የሚባል ትምህርት በዓለም ሁሉ ይሸጣል። የዘመናዊው ሥልጠና ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከ1979 ነው፤ በዚያ ዓመት ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ትምህርት ከፈተ፤ ይኸውም የስምንት ሳምንት ሥልጠና ሆኖ ታወቀ። ምንጩ ቡድሂዝም ነው። የቃሉ መነሻ የሆነው የፓሊ ቋንቋው «ሳቲ» ደግሞ መጀመሪያ ትርጉሙ ማስታወስ ነው። ትምህርቱ ብዙ ሰው ረድቷል፤ አልቃወመውም። የምጠራጠረው እርጋታ የሚታደል ሸቀጥ ተደርጎ ሲቀርብ ነው። የግብፅ አባቶች እንዲህ ያለ ቃል አልገቡም። እነሱ ያሉበት ሰዓት ደስ የሚል ሰዓት ነው አላሉም፤ የሚከብድ ሰዓት ነው፣ አትሽሸው አሉ እንጂ።

መድኃኒታቸውም ቀላል ነገር ነው፤ ቀላልነቱ ያናድዳል። ስለ አባ እንጦንስ የሚነገረው ታሪክ ይህ ነው፦ በዚህ መታከት ተይዘው ምን ላድርግ ብለው ሲጸልዩ፣ ወጣ ብለው እንደ እሳቸው ያለ አንድ ሰው አዩ። ተቀምጦ ገመድ ይፈትላል፤ ተነሥቶ ይጸልያል፤ ተመልሶ ተቀምጦ ይፈትላል። ሰውየው መልአክ ነበር። መልሱም ያ ብቻ ነበር። በአስቄጥስ የነበሩት ሙሴ ጸሊም፣ ጳላድዮስ ኢትዮጵያዊ የሚላቸው የቀድሞው ሽፍታ፣ ምክር ፈልጎ ለመጣ ወንድም ወደ በዓቱ ተመልሶ እንዲቀመጥ፣ የሚያስተምረው እሱ እንደሆነ ነግረው አሰናበቱት። ኤዋግሪዎስ ደግሞ ከመምህሩ የሰማውን ይጨምራል፦ ነፍስ ነገ እንደምትሞት ሆና ትኑር፤ ሥጋ ግን ገና ብዙ ዘመን አብሮ እንደሚኖር ተደርጎ ይያዝ።

ካስያኖስ ከጻፋቸው ሁሉ እኔን የማይለቀኝ የአባ ጳውሎስ ነገር ነው። እኚህ ሰው የሚኖሩት ከከተማ የሰባት ቀን መንገድ ርቀው ነበር። የዘንባባ ሥራቸው ገበያ ቢወጣ ለማጓጓዣ እንኳ አይበቃም። ቢሆንም ማንም እንዳዘዛቸው ሁሉ በየዕለቱ የተወሰነውን ይሠሩ ነበር። ዓመት ሲሞላ ዋሻቸው በሥራቸው ይሞላል። ያን ጊዜ እሳት ይለቁበትና እንደገና ይጀምራሉ። መጀመሪያ ሳነበው እብደት መሰለኝ። አሁን እንዲያ አልልም።

አባቴ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ቤት ተኝቶ ነበር። ቤተሰቡ ውስጥ እንደ እኔ የሮጠ የለም። መድኃኒት ፍለጋ እኔ፤ ሐኪም ማማከር እኔ፤ ለዘመድ መደወል እኔ። ጎረቤት ሁሉ መረቀኝ። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ አጠገቡ ቁጭ ስል አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፤ የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ እነሣለሁ። «እስቲ ቁጭ በል ልጄ» ይለኛል። «መጣሁ አባዬ» እላለሁ። ስመለስ ብዙ ጊዜ 8 ሰዓት አልፎ ይሆናል፤ እሱም እንቅልፍ ወስዶታል። አክስቴ ግን ጥጧን እየፈተለች ከራስጌው ጠዋት ባየኋት ቦታ አለች። ምን አወራችሁ ብዬ እጠይቃታለሁ።

«ምንም» ትለኛለች፤ «ዝም ብለን ተቀምጠን ነበር።»