ሰርዶና ቅንጨ አረም በቅጥር ማዕዘን

ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው ከሰንጋው ነው፤ ተራ ማለት ሸቀጥ በየዓይነቱ ተለይቶ የሚሸጥበት የገበያ ስፍራ ነውና። ሰንጋ ባለበት ደግሞ ሰርዶ መኖ ነው እንጂ አረም አይባልም። «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያም ቅናቷን ነው የገለጸችው። የሚግጠው ከብት በታጣ ጊዜ ግን ሰርዶ አትክልቱን ይወርሳል፤ ይልቁንም ዶማ እንደ ልብ በማይነሣበት፥ በግንቡና በውኃ መውረጃው መካከል ባለው ማዕዘን ይከትማል።

ዶማውም ቢሆን ወዳጁ ነው። ሥሩ በየአንጓው ስለሚያቆጠቁጥ አንዱን የቆረጠ ሰው ሁለት አድርጎ ይተክለዋል። ስለዚህ አፈሩን አላልቶ፥ ሐረጉን ሳይበጥሱ በእጅ እየለቀሙ በበጋ ፀሐይ ማድረቅ ይገባል።

ከዚህ የከፋው እንግዳው ቅንጨ አረም ነው። አገሩ አሜሪካ ሲሆን በ1947 ዓ.ም. ገደማ በሕንድ ታየ፤ በ1980 ዓ.ም. ገደማም በድሬዳዋና በደሴ፥ የእርዳታ እህል በሚታደልበት አጠገብ መብቀሉ ተነገረ። የተራበውን ሊያጠግብ ከመጣው ስንዴ ጋር ሳይገባ አልቀረም። ሰርዶስ የሚወደው እንስሳ አለው፤ ይህን ግን ላም ብትበላው ወተቷ ይመርራል፥ የነቀለውንም ሰው ቆዳውን ያሳክከዋል። አንዲቱ ተክል ከ15 ሺሕ በላይ ዘር ልትሰጥ ትችላለች። ስለዚህ ለበዓል ቅጥር የሚያጸዳ ሁሉ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፥ ነጩ አበባ ሳይፈነዳ ከነሥሩ ይንቀለው፤ ያበበውንም ወደ ፍግ ጉድጓድ አይጣለው፥ በሚመጣው ክረምት ከፍጉ ጋር ወደ መደቡ ይመለሳልና።