ስለ ምዕራብ ጎጃም ተማሪና ስለ ክረምት ሥራው

ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ በሚዘልቀው የምዕራብ ጎጃም አገር፣ ተማሪው ከትምህርት የሚሰናበትበት ወራትና ምድሪቱ የሰው እጅ አብዝታ የምትሻበት ወራት አንድ ናቸው። ሐምሌ ሲገባ በቆሎው ኩትኳቶና ሽልሻሎ ይፈልጋል፤ ዳጉሳው በጊዜው ካልታረመ በአረም ተውጦ ይቀራል፤ የጤፉ ማሳ ተደጋግሞ ከታረሰ በኋላ በከብት እግር ተረግጦ ዘር ይቀበላል፤ የበርበሬውም ችግኝ ከመደቡ ተነቅሎ ወደ ማሳው የሚዛወረው ዝናቡ በጠናበት በዚሁ ሰሞን ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ተማሪ ረጅሙን ዕረፍት በሞቃቱ ወራት ሲያገኝ፣ የእኛው ተማሪ የሚያገኘው ብርና ተምጫ፣ ላህና ፈጠም ሞልተው መንገደኛውን በሚያግዱበት፣ ጎተራውም ከአዲሱ አዝመራ አስቀድሞ በሚጎድልበት በዘመነ ክረምት ስለ ሆነ፣ በዚህ አገር የተማሪ የክረምት ሥራ ታሪክ ከእርሻው ታሪክ ተለይቶ ሊጻፍ አይችልም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ወደ ጎጃም ከመድረሱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ አገሩ የተማሪ አገር ነበረ። እነዋሸራና እነጎንጅ የቅኔ ምንጭ ተብለው ስማቸው በተነገረበት ዘመን፣ ከጎንደርና ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ የተነሣው ወጣት ቅኔ ለመቁጠር ወደዚህ ይመጣና፣ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ያለውን መዓርግ እስኪወጣ ድረስ ዘመድ በሌለበት አገር፣ በደሳሳ ጎጆ ውስጥ ይኖር ነበር። የቆሎ ተማሪ እየተባለ የሚጠራው ይህ ወጣት ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ የሚሆን በትር ይዞ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የዕለት ጉርሱን ይለምናል፤ ቀፈፋ የሚባለውም ይኸው ልመና ነው። ሊቃውንቱ ቀፈፋን የትሕትና ትምህርት አድርገው ስለ ቆጠሩት፣ የባለጸጋ ልጅ እንኳ ቢሆን ከዚህ ሥርዓት በቀላሉ አያመልጥም ነበር።

ይሁን እንጂ ምጽዋት እንደ ወራቱ ነው። በጥርና በየካቲት ዐውድማው ሞልቶ ሳለ እጁን በደስታ የሚዘረጋው ገበሬ፣ በሐምሌና በነሐሴ ለራሱ ልጆች እየሰፈረ የሚያበላ ስለሚሆን፣ በዚያ ጊዜ ተማሪው በቃሉ ያጣውን በጉልበቱ ይሻ ዘንድ ግድ ይሆንበታል። አንዳንዱ የገበሬውን ማሳ አርሞ በምሳና በጥቂት እህል ያድራል፤ ጽሕፈት ያወቀው ብራና ይፍቃል፣ ቀለም ይበጠብጣል፣ ክታብ ይጽፋል፤ እጀ ብልሁ ጥላ ይሰፋል፤ ሁሉም ደግሞ የመምህሩን እርሻ ማረምና ማጨድ፣ እንጨቱን መልቀምና ውኃውን መቅዳት የደቀ መዝሙርነቱ ግዴታ ነበረ። ይህ ሁሉ ተግባረ እድ የሚሠራው ቀኑን ሲሆን፣ ሌሊቱ ለትምህርቱ ክለሳ፣ ማለት ለቀጸላውና ለቅኔ ዘረፋው የተጠበቀ ነበር፤ ሥራው ከጉባኤው የሚያስቀረው ተማሪም በጓደኞቹ ዘንድ ይነቀፍ ነበር እንጂ አይወደስም።

ከዚህ አገር ተማሪዎች ሁሉ ስሙ ይበልጥ የገነነው ግን በመጽሐፍ ብቻ የኖረው በዛብህ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ የበዛብህን ትውልድ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በምትገኘው በማንኩሳ አደረጉት፤ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርቱም በኋላ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ የፊታውራሪውን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር አደረጉት። ልብ ወለድ ለታሪክ ጸሐፊ ምስክር ሊሆን ባይችልም፣ ደራሲው ራሳቸው በጎጃም አብያተ ጉባኤ የተማሩ በመሆናቸው፣ የተማረ ድኻ በባላባት ቤት በአስተማሪነት የሚገባበትን ልማድ ከሩቅ ሰምተው የጻፉት አይመስልም። ይህም ልማድ ብዙ የሚያስረዳ ነው፤ ዕውቀት ድኻውን በትልቁ አዳራሽ ደጃፍ ሊያስገባው ይችል ነበር፣ ከገባ በኋላ ግን የሚቀመጥበትን ስፍራ የሚወስነው ትውልዱ ነበረ።

በ1933 ዓ.ም. ጠላት ተባርሮ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጎጃም በኩል ወደ መናገሻ ከተማቸው ሲመለሱ፣ ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የተባለችበት ዘመን ተከተለ፤ በየከተማውም የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተከፈተ ሄደ። ከፍተኛውን ደረጃ የፈለገ ወጣት በደብረ ማርቆስ ወዳለው ወደ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ይሄድ ነበርና፣ የጎጃም ልጅ ከቤቱ ርቆ የመማር ልማዱን ከቆሎ ተማሪው እንደ ወረሰ ይቆጠራል። አኩፋዳው በስንቅ ከረጢት ተተካ፤ ቤቱ የቀረበው ተማሪ ዓርብ ማታ ወደ ቤተ ሰቡ በእግሩ ገሥግሦ፣ እሑድ እናቱ የጋገረችለትን እንጀራና ያዘጋጀችለትን በሶ ተሸክሞ ወደ ተከራየው ክፍል ይመለሳል። የሰኔው ፈተና ሲያልቅ ግን ስንቁን የሰጠው ማሳ ዋጋውን ይጠይቃል።

በዚያ ዘመን ተማሪው ሥራ ፍለጋ ደጅ መጥናት አያስፈልገውም ነበር፤ ሥራው እርሱን ይጠብቀዋልና። ገሳውን ደርቦ በማለዳ ከብት ያሰማራል፤ ወንዱ ሞፈርና ቀንበር ያነሣል፤ ሴቷ ተማሪ በአረሙ ላይ የእህል መፍጨቱና የእንጨት ለቀማው ይጨመርባታል፤ ስለዚህም በመስከረም ከወንድሟ ይልቅ ደክማ የምትመለሰው፣ አንዳንዴም ተድራ ጭራሹን የማትመለሰው እርሷ ነበረች። ጎረቤት በወንፈል ሲጠራራ የአባት ብድር በልጅ ጉልበት ይከፈላል፤ ባለጸጋው ደቦ ሲጠራ ደግሞ ጠላው ይጠመቃል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ በእርሳስ የለዘበ እጁ በዶማ የሚቆስለው ተማሪም የደቦው መሣቂያ ይሆናል። ነገር ግን ያው ተማሪ ማታ ከእሳት ዳር ሲቀመጥ ሽማግሌዎች ያከብሩት ነበር፤ ከሩቅ የመጣውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው፣ ስለ ርስት ክርክርም ለአውራጃው ፍርድ ቤት የሚቀርበውን አቤቱታ የሚጽፍላቸው እርሱ ነውና። ዋጋውም እንቁላል፣ ዶሮ ወይም «ለደብተር ይሁንህ» ተብሎ በመዳፉ የሚጨበጥለት ሳንቲም ነበረ። በጎጃም የዘመናዊው ትምህርት ቤት ተማሪ ብዕር ከእርፉ ጎን ለጎን ገንዘብ ማስገኘት የጀመረው በዚህ ዓይነት ነው።

መንግሥትም የተማሪን ጊዜ የሚሻበት ዘመን መጣ። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያዝዘው ሥርዓት ተጀመረ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ የዕድገት በኅብረት ዘመቻን ሲያውጅ፣ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍልና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር፣ 60,000 ያህል ሆነው፣ ወደ ገጠር ዘመቱ፤ በዚያው ዓመት በየካቲት የወጣውንም የገጠር መሬት አዋጅ ለገበሬው ማስረዳት ከሥራቸው አንዱ ሆነ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮም መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ፣ ክረምቱ ፊደል የማስቆጠሪያ ዙር ሆኖ፣ ትናንት የአባቱን በሬ ይነዳ የነበረው ልጅ በየቀበሌው አባቱንና እናቱን «ሀ፣ ሁ» ያስብል ጀመር። ያ አገልግሎት ደመወዝ አልነበረበትም፤ ይሁንና የጎጃም ገበሬ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት በመላኩ ያጎደለውን ጉልበት በፊደል መልክ መልሶ ያገኘበት ጊዜ ነበር ማለት ይቻላል።

ተማሪው የቀን ሠራተኛ የሆነበት መንገድ ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። በደርግ ዘመን በብር ሸለቆና በአየሁ የመንግሥት ሰፋፊ እርሻዎች በመስፋፋታቸው፣ በካቦ ተቆጥሮ፣ በስም መዝገብ ገብቶ፣ በቀን ሒሳብ መከፈል ለአካባቢው ወጣት የታወቀ ነገር ሆነ። ዋነኛው ለውጥ ግን የመጣው በመሬት ምክንያት ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ከተደለደለ በኋላ የተወለደው ትውልድ፣ ከአባቱ ማሳ ከሚደርሰው ቁራሽ በቀር የራሱ የሚለው መሬት ሳይኖረው አደገ፤ ወንድማማች በሚበዛበት ቤት የአንዱ ልጅ የክረምት ጉልበት ለአባቱ እርሻ ትርፍ ሆነ፤ ደብተሩና ዩኒፎርሙ፣ የቤት ኪራዩም በብር ብቻ የሚገኝ ነበርና፣ ተማሪው ጉልበቱን ወደሚገዛበት ስፍራ ይሄድ ጀመር። የቀረበው በቡሬና በጃቢ ጠህናን ባለ በርበሬ ገበሬ ዘንድ ችግኝ ተክሎና አርሞ ይውላል፤ ሌላው በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ዕቃ ይሸከማል፣ ጫማ ይጠርጋል፣ ነሐሴ ሲያጋምስም የበቆሎ እሸት ጠብሶ ለመንገደኛ ይሸጣል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቡሬ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካና የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ በመጀመራቸው፣ የከተማው ወጣት ተስፋውን ወደ ፋብሪካው በር አዙሯል።

ልቡ የጸና ወይም ችግሩ የበረታበት ግን ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የሰሊጡ ቆላ የደጋውን ጉልበት ሲስብ ኖሯል፤ ሰሊጥ ቶሎ ካልታረመ የሚጠፋ፣ ከደረሰም በኋላ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው የሚረግፍ በመሆኑ፣ ባለሀብቱ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይሻል። አረሙ በክረምት ስለሚውል ከተማሪው ዕረፍት ጋር ይገጥማል፤ አጨዳው ግን ወደ ጥቅምት ስለሚሻገር፣ ወጣቱ «ይህንን ደግሞ ልጨርስና» ባለ ጊዜ የትምህርቱ ደወል ያልፈዋል። ከዚህም በላይ ቆላው ወባና ካላዛር አለበት፤ ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሆኖ ከወራት በኋላ ሊገለጥ ስለሚችል፣ ሜዳ ላይ ያደረ ወጣት ብሩን ቈጥሮ ቤቱ ከገባ በኋላ በትኩሳትና በሆድ ማበጥ የሚወድቅበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ የዚህን ሁሉ ዘመን ልማድ አንድ ላይ ስንመለከተው፣ ቀፋፊውን የቅኔ ተማሪ፣ የአባቱን በሬ የሚነዳውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅና የሰሊጥ አራሚውን ወጣት የሚያስተሳስራቸው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሥራቸው ወሰን ያለው መሆኑ ነው። መስከረም ሲጠባ ጉባኤው ይሰፋል፣ ትምህርት ቤቱም ይከፈታል፤ ክረምቱ ያስገኘው እህልም ሆነ ብር ለዚያ መመለሻ ስንቅ ይሆናል። ተማሪን ከቀን ሠራተኛ የሚለየው ይህ መመለስ ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት በዚህ ጊዜ፣ በምዕራብ ጎጃም መስከረም እንደ ሐምሌ የሆነባቸው ልጆች ጥቂት አይደሉም፤ የእነርሱም አረምና ሸክም የክረምት ሥራ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። ስለ ወጣቱ ሥራ የሚያስብ ባለሥልጣንም ሆነ ወላጅ፣ ደመወዝ የሚያስገኝ ስፍራ ከመፈለጉ ጋር ልጁ የሚመለስበትን የትምህርት በር ቢያስከፍት፣ አባቶች በቀፈፋና በአረም ያቆሙትን ሥርዓት በእውነት ጠበቀ ይባላል።