ብሔራዊ የተማሪዎች የዳሰሳ ጥናት (ዩናይትድ ኪንግደም)

ብሔራዊ የተማሪዎች የዳሰሳ ጥናት በዩናይትድ ኪንግደም የመጨረሻ ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ስለ ትምህርታቸው ያላቸውን አስተያየት በየዓመቱ የሚሰበስብ መጠይቅ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ውጤቱን አመልካቾች ዩኒቨርሲቲ ለመምረጥ፣ ተቋማት ደግሞ አሠራራቸውን ለማሻሻል ይጠቀሙበታል።

አመጣጥ

ጥናቱ የተቀረጸው ፖል ራምስደን በአውስትራሊያ ያዘጋጀውን የኮርስ ተሞክሮ መጠይቅ መነሻ በማድረግ ነው። ይህ መጠይቅ ተማሪው መምህሩን ይወደው እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ የትምህርቱ ግብ ግልጽ መሆኑን፣ የሥራው ጫና ተመጣጣኝ መሆኑንና የምዘናውን ዓይነት ይጠይቃል።

አሠራር

ጥያቄዎቹ በማስተማር፣ በምዘናና ግብረ መልስ፣ በትምህርታዊ ድጋፍ፣ በኮርሱ አደረጃጀት፣ በትምህርት መርጃዎች እና በተማሪዎች ድምፅ ሥር ይመደባሉ። የአንድ ኮርስ ውጤት ይፋ የሚሆነው ቢያንስ 10 ተማሪዎች ሲመልሱና መላሾቹ ከሚመለከታቸው ተማሪዎች ቢያንስ ግማሽ ሲሆኑ ነው። ዋናው መጠይቅ ትኩረቱ ትምህርቱ ላይ ስለሆነ መኝታ ቤትን፣ ምግብን ወይም ጓደኝነትን አይመዝንም።

ጠቅላላ እርካታ

እስከ 2022 ድረስ ተማሪው በኮርሱ ጥራት በጠቅላላው መርካቱን የሚጠይቅ ጥያቄ ነበረ። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት በአብዛኛው በኢንተርኔት ሲሰጥ፣ በዚህ ጥያቄ መርካታቸውን የገለጹ ተማሪዎች በ2020 ከነበረው 83 በመቶ በ2021 ወደ 75 በመቶ ወርደዋል። ቁጥሩ ለውጡን ቢያሳይም የወረደበትን ምክንያት ለይቶ አይናገርም። በ2023 መጠይቁ ሲሻሻል ጥያቄው ከእንግሊዝ ተነሥቶ በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ቀጥሏል።

ትችት

ውጤቱ የዩኒቨርሲቲዎችን ደረጃ በሚያወጡ ሠንጠረዦች ውስጥ ስለሚገባ ተቋማት ከፍተኛ ነጥብ እንዲያገኙ ይገፋፋል። በ2008 በአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተማሪዎቻቸው ጥሩ ነጥብ እንዲሰጡ መገፋፋታቸው ከታወቀ በኋላ የትምህርት ክፍሉ ውጤት ተሰርዟል። በ2017 ደግሞ የተማሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ጥናቱ በእንግሊዝ ከትምህርት ክፍያ ጭማሪ ጋር መያያዙን በመቃወም ተማሪዎች እንዳይሞሉት ጥሪ አቀረበ። ኦክስፎርድንና ካምብሪጅን ጨምሮ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የመላሾች ቁጥር ከግማሽ በታች በመሆኑ ውጤታቸው ሳይወጣ ቀርቷል።

ሌላ አቀራረብ

በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደውና በ2000 የተጀመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የተማሪ ተሳትፎ ጥናት በእርካታ ላይ ሳይሆን ተማሪው በሚያደርገው ነገር ላይ ያተኩራል፤ ለምሳሌ በሳምንት ስንት ሰዓት ለትምህርቱ እንደሚዘጋጅና ከመምህራን ጋር ምን ያህል እንደሚወያይ ይጠይቃል። የሚመልሱት የመጀመሪያና የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በመሆናቸው የሁለቱን ቡድኖች ተሞክሮ ማነጻጸር ይቻላል።