ከወናፍ እስከ ፖሊስ መለዮ

በማኅበራችን ሸክላ የሚሠሩ አባላት አሉ። የጭቃውን፣ የማገዶውንና የማጓጓዣውን ወጪ አስልተን ዋጋ እናወጣላቸዋለን። ገበያ ላይ የሚያስቸግራቸው ግን ከዋጋው ይልቅ የሙያው ስም ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የዚህን ስም ታሪክ ከጎንደር ቤተ እስራኤሎች ተነሥተን ልንጽፍ ወደድን።

ቤተ እስራኤሎች በኦሪት እምነታቸው ጸንተው በስሜን፣ በወገራና በደምቢያ የኖሩ ወገኖቻችን ናቸው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ካሸነፏቸው በኋላ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይኖረው ተደረገ። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሙያ ነው የሚያድረው። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። ማረሻውም ማጭዱም ምጣዱም ከእነሱ እጅ ይወጣ ነበር። በጎንደር ዘመን በግንበኝነትና በአናጺነት አገልግለው አለቆቻቸው በጅሮንድ እስከመባል ደርሰዋል። (በጅሮንድ የግምጃ ቤት ሹም መጠሪያም ነውና እኛ ሒሳብ ሠራተኞች ትንሽ ኮራ ማለታችን አልቀረም።)

ታዲያ ማረሻውን ያሠራው ገበሬ ራሱ ማታ እቤቱ ገብቶ ቡዳ ነው፣ ጅብ ይሆናል ይላል። እሳት የሚነካ እጅ ይፈራ ነበር፤ ልጅ ሲታመም ጥፋቱ የሚጣለው በቀጥቃጩና በሸክላ ሠሪዋ ላይ ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም የሰው አፍ አልተዘጋም። መሬት ያገኙት በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው፤ ብዙም ሳያርሱት ጉዞው መጣ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ሲወጡ ብዙዎች በመንገድና በመጠለያ አለቁ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ።

እስራኤል ውስጥ ወናፍ የሚፈልግ አልነበረም። የቀጥቃጭ እጅ ፋብሪካና ጥበቃ ገባ፣ የሸክላ ሠሪ እጅ ጽዳት ያዘ። ልጆቹ ውትድርናቸውን ጨርሰው አንዳንዶቹ ፖሊስ ሆኑ። ደመወዙ የማይቋረጥ ሥራ ነው፤ ለእኛ ግን ከደመወዙ በላይ ይታየናል። አባቱ ርስት አይገባህም የተባለ ሰው ልጅ የሕግ አስከባሪ መለዮ ለበሰ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ፖሊሶች አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር ሲደበድቡ በቪዲዮ ታየ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የማኅበረሰቡ አባላት ቴል አቪቭ ላይ ሰልፍ ወጡ። ከዚያው ወገን የወጣ ፖሊስ እንዲህ ባለ ቀን የት ይቆማል? እዚህ በቡዳነት የተፈራው እዚያ በቆዳው ተጠረጠረ።

ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ ዛሬ ጥቁሩን ሸክላ የሚሠሩት በአብዛኛው ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። ቱሪስቱም ይገዛል። ከእኛ አባላት አንዷ በምትሠራው ጀበና ሥር ስሟን መጻፍ እንደምትፈልግ ለኮሚቴው አመልክታለች። ተስማምተናል፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የፈለገች ሁሉ ትጽፋለች።