«ማሠራጫ» ወይስ «ማስተላለፊያ»? ከበራሪ ላይ ምስል የመላክ ታሪክና የስያሜው ጉዳይ

በሄሊኮፕተር ላይ ተተክሎ ተንቀሳቃሽ ምስልን በማይክሮዌቭ ወደ ምድር የሚልክ የዲጂታል መሣሪያ የአተካከልና የአሠራር መመሪያ ወደ አማርኛ ለመመለስ የተነሣ ተርጓሚ ገና በርእሱ ላይ ይሰናከላል። መሣሪያው በበረራ ላይ የሚሠራ መሆኑን የሚገልጽ ቅጽል ያስፈልገዋል፤ «ዲጂታል» የሚለውን ማስቀረት ወይም መተው አለበት፤ ከሁሉም በላይ ግን መሣሪያው ራሱ «ማሠራጫ» ይባል ወይስ «ማስተላለፊያ» የሚለውን መቊረጥ ይኖርበታል። የዚህ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ከመሣሪያው ታሪክ ይገኛል ብለን ስለምናምን፥ በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ ታሪኩን እናነሣለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ሁለቱ ግሦች ጠባይ ጥቂት እንበል። «ተሠራጨ» ተቀባዩ አንድ በአንድ ለማይታወቅ ነገር የሚነገር ነው፤ ወሬ ይሠራጫል፤ በሽታ ይሠራጫል። «አስተላለፈ» ግን ከእጅ ወደ እጅ የሚል ስሜት አለው፤ መልእክት የሚያስተላልፍ ሰው ከማን ተቀብሎ ለማን እንደሚያደርስ ያውቃል። እርግጥ ነው፥ በዛሬው አነጋገር የራዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያም ዝግጅቱን «ያስተላልፋል»፤ ቀጠሮም «ይተላለፋል»፤ መንገድ ላይ ሳይገናኙ የቀሩ ሁለት ሰዎችም «ተላለፍን» ይላሉ። ቢሆንም ልዩነቱ በቋንቋው ውስጥ አለ፤ እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ትራንስሚተር» የሚል አንድ ቃል ብቻ ስለሚጠቀም ተርጓሚው በአማርኛው ያለውን ልዩነት ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል።

ከአውሮፕላን ላይ ምስል የመላክ ሐሳብ የተወለደው ለጦርነት ነው። በቴሌቪዥን ካሜራ ሥራው የታወቀው ቭላዲሚር ዝቮሪኪን በ1934 በጻፈው ማስታወሻ የኤሌክትሪክ ዐይን ያለው በራሪ ቶርፒዶ እንዲሠራ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ፥ በ1944፥ የአሜሪካ ባሕር ኀይል በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች በአፍንጫቸው ላይ ካሜራ የተገጠመላቸው ሰው አልባ አውሮፕላኖችን በጃፓን ይዞታዎች ላይ ላከ። አብራሪው በሌላ አውሮፕላን ተቀምጦ ከኋላ እየተከተለ በትንሽ መስኮት የሚታየውን ምስል እያየ ይመራቸው ነበር። እዚህ ላይ ላኪውም አንድ፥ ተቀባዩም አንድ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ሐሳብ ግን ተቃራኒው ነበር። በ1945 የዌስቲንግሃውስ መሐንዲስ ቻርልስ ኖብልስ ያቀረበውና «ስትራቶቪዥን» የተባለው ዕቅድ፥ አውሮፕላኑን እንደ ታላቅ የአንቴና ምሰሶ የሚቈጥር ነበር። የቴሌቪዥን ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ከአድማስ ወዲያ ያለ ተመልካች አያገኘውም፤ ስለዚህ ማሠራጫው ሰማይ ላይ ቢወጣ አድማሱ ይሰፋል ማለት ነው። ሰኔ 23 ቀን 1948 አንድ ቢ 29 አውሮፕላን ወደ 25,000 ጫማ ወጥቶ፥ በፊላደልፊያ ይካሄድ የነበረውን የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ከምድር ጣቢያ እየተቀበለ መልሶ ሠራጨው፤ በኦሃዮ ዜንስቪል ከተማ የተሰበሰቡ ጋዜጠኞችም ተመለከቱት። ሆኖም ዕቅዱ አልሰመረም፤ በ1951 ከጠረፍ እስከ ጠረፍ የተዘረጋው የምድር ማይክሮዌቭ መስመር ቦታውን ወሰደ። ሐሳቡ የተመለሰው ለትምህርት ነው። ከ1961 እስከ 1968 ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡ ዲሲ 6 አውሮፕላኖች በኢንዲያና ሰማይ 23,000 ጫማ ላይ እየዞሩ፥ አንቴናቸውን ከሆዳቸው በታች ዘርግተው፥ በስድስት ክፍለ ግዛቶች ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ትምህርት ያደርሱ ነበር።

እነዚህ አውሮፕላኖች የተሸከሙት መሣሪያ ያለ ምንም ጥርጥር «ማሠራጫ» ነው። ተቀባዩ ማን እንደሆነ አያውቁም፤ መቀበያ ያለው ሁሉ ይቀበላቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። በ1958 በሎስ አንጀለስ የኬቲኤልኤ ቴሌቪዥን ጣቢያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ጆን ሲልቫ፥ በከተማይቱ የመኪና ብዛት ምክንያት የምስል መኪናዎች ወደ አደጋ ሥፍራ ቶሎ መድረስ አለመቻላቸውን ተመልክቶ ካሜራውን በሄሊኮፕተር ለመጫን አሰበ። ችግሩ ክብደቱ ነበር። በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ካሜራና ማስተላለፊያ በቫኩም ቱቦ የሚሠራ፥ በመኪና የሚጫን ዕቃ ነው፤ የተመረጠው ቤል 47 ሄሊኮፕተር ደግሞ የመስተዋት ጉልላት ያለው ትንሽ በራሪ ነው። ሲልቫ ዕቃውን ወደ 368 ፓውንድ፥ ማለት 167 ኪሎ ግራም ያህል፥ አወረደው። ሐምሌ 3 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙከራ ሲነሡ ግን ከጣቢያው የመጣው መልስ ምንም ምስል አይታይም የሚል ሆነ። ማይክሮዌቩ የተገጠመው ከሄሊኮፕተሩ ውጭ ስለነበረ፥ ሲልቫ 1,500 ጫማ ከፍታ ላይ በሩን ከፍቶ ወጥቶ፥ በማረፊያው ብረት ላይ ቆሞ መሣሪያውን መረመረ። ከንዝረቱና ከሙቀቱ የተነሣ አንድ ቱቦ ተበላሽቶ ነበር። በማግስቱ፥ ሐምሌ 4 ቀን፥ ምስሉ ደረሰ። ሄሊኮፕተሩም «ቴሌኮፕተር» ተባለ።

ይህ የሰውየው ድፍረት ብዙ ጊዜ ሲወራ ይሰማል። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ምስሉ ከሄሊኮፕተሩ የሄደው ወደ ተመልካቹ ቤት አልነበረም። የሄደው በጣቢያው ወደ ተዘጋጀ አንድ መቀበያ ሲሆን፥ ጣቢያው ተቀብሎ ከራሱ ማሠራጫ ለሕዝቡ በተነው። በ1963 ታኅሣሥ 14 ቀን የባልድዊን ሂልስ ግድብ ሲደረመስና ውሃው መንደሩን ሲያጥለቀልቅ ሕዝቡ በቤቱ ተቀምጦ ያየው በዚህ መንገድ ነው። በዚያ ጎርፍ 5 ሰዎች ሞቱ፤ ግድቡ ከመፍረሱ በፊት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ብዙ ነዋሪ ባይወጣ ኖሮ ቊጥሩ እጅግ በበዛ ነበር። (ሥፍራው ዛሬ ትንሿ ኢትዮጵያ ከምትባለው የፌርፋክስ ጎዳና ሰፈር ብዙም የማይርቅ ነው።)

እንግዲህ አንድ አየር፥ አንድ ሞገድ፥ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፤ ነገር ግን ሁለት ሥራ ነው። የኢንዲያናው አውሮፕላን ያሠራጫል፤ የሎስ አንጀለሱ ሄሊኮፕተር ያስተላልፋል። በመመሪያው ላይ «ማሠራጫ» ተብሎ ቢጻፍ፥ አንባቢው መሣሪያውን ካበራ ምስሉ ለማንም እንደሚደርስ ይገምታል፤ መቀበያውን ማቅናት፥ የሞገዱን መስመር ከሌላ ጣቢያ ጋር ተነጋግሮ መያዝ፥ ከምድር «ደርሶናል» የሚል መልስ መጠበቅ የሚሉት የመመሪያው ትእዛዞች ሁሉ ትርጉም የለሽ ይሆኑበታል። ስለዚህ «ማስተላለፊያ» እንላለን።

የአተካከሉም ታሪክ ለተርጓሚው ይጠቅማል። አንቴናው ከሄሊኮፕተሩ ሆድ በታች እንዲሆን ያስፈለገው የማረፊያው ብረትና የበራሪው አካል ሞገዱን እንዳይጋርዱት ነው፤ በመሆኑም ከተነሡ በኋላ ይወርዳል፥ ከማረፍ በፊት ይታጠፋል። አንቴናው ሳይያያዝ ኀይል የተለቀቀበት መሣሪያ የላከው ጉልበት ወደ ራሱ ተመልሶ ማጉያውን ሊያቃጥለው ይችላል። ሄሊኮፕተሩ በ1,500 ጫማ ላይ ሲሆን አድማሱ ወደ 88 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ 15 ሜትር ምሰሶ ያለው መኪና ግን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚያይ። መቀበያው በተራራ ላይ ሲተከል ርቀቱ ከዚህም ይጨምራል።

እዚህ ላይ በሰው ሕይወት ሊመጣ የሚችል የቃል ስሕተት እናነሣለን። የመሣሪያው ማብሪያ ሦስት ደረጃ አለው፤ የጠፋ፥ የበራ ነገር ግን የማይልክ፥ የሚልክ። መካከለኛውን «ተጠባባቂ» ብሎ መተርጐም የተለመደ ነው። ነገር ግን «ተጠባባቂ» በአማርኛ የሌላው ምትክ ሆኖ የተቀመጠ ማለትም ነው፤ ተጠባባቂ ተጫዋች፥ ተጠባባቂ ጦር እንደሚባለው። ምድር ላይ የቆመ ቴክኒሽያን «ተጠባባቂ» የሚለውን መብራት አይቶ ይህ መለዋወጫው ነው፥ ኀይል የለውም ብሎ እጁን ወደ አንቴናው ቢሰድ ጥፋቱ የተርጓሚው ነው። በእኛ አስተያየት ማብሪያው ላይ «በርቷል፥ አይልክም» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል። ቃሉ ረዘመ የሚል ነቀፋ ይነሣ ይሆናል፤ ይርዘም።

ዲጂታሉ ዘዴ በዚህ መስክ የገባው ዘግይቶ ነው። በአናሎጉ ዘመን ሄሊኮፕተሩ በከተማ ላይ ሲዞር ሞገዱ ከሕንፃና ከተራራ እየነጠረ በብዙ መንገድ ወደ መቀበያው ይደርስና ምስሉን ይበጣጥሰው ነበር። ለዚህ ክሥተት ቃል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አማርኛ የገደል ማሚቶ አለው። መፍትሔው የተገኘው ምስሉን በአንድ ተሸካሚ ሞገድ ላይ ከመጫን ይልቅ በብዙ ንዑሳን ተሸካሚዎች ላይ በመከፋፈል ነው። በ1997 በወጣው የኤውሮፓ ምድራዊ ዲጂታል ቴሌቪዥን ደረጃ አነስተኛው ሥርዐት 1,705 ተሸካሚዎች አሉት። እያንዳንዱ ተሸካሚ በዝግታ ስለሚናገር በየምልክቱ መካከል ፋታ ማስገባት ይቻላል፤ በገደል አጠገብ የሚጣራ ሰው ማሚቶው እስኪያበቃ ዝም ብሎ እንደሚቈይ ማለት ነው። ረዥሙ ፋታ በስምንት ሜጋኸርዝ መስመር 56 ማይክሮ ሰከንድ ሲሆን፥ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሞገድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከዚህ ያነሰ ዙሪያ ጥምጥም የሄደ ማሚቶ ምስሉን አይጎዳውም። እንግሊዝኛው ይህን «የጥበቃ ክፍተት» በሚል መንገድ ይሰይመዋል፤ ቃል በቃል ሲመለስ ዘበኛ የቆመበት ቀዳዳ ይመስላል። «የማሚቶ ፋታ» ብንል ሥራውን ራሱ ይናገራል።

በአሜሪካ ለውጡን ያስገደደው ዘዴው መሻሉ ብቻ አልነበረም። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2004 በሰጠው ውሳኔ በ2 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው የጣቢያዎች ድርሻ ጠበበ፤ ቀድሞ 17 ሜጋኸርዝ ይይዙ የነበሩት መስመሮች ወደ 12 ሜጋኸርዝ ዝቅ ስላሉ ጣቢያዎች የሄሊኮፕተር፥ የመኪናና የተራራ ዕቃቸውን በዲጂታል ለወጡ። ሥራው የተፈጸመው በ2010 ነው።

የቀሩትን ቃላት በአጭሩ እንለፋቸው። «አየር ወለድ» የሚለውን ለዚህ መሣሪያ አንቀበለውም። ቃሉ በአማርኛ በጃንጥላ ለሚወርደው ጦር ተይዟል፤ አመሠራረቱም «የተሸከመው» የሚለውን «የወለደው» አስመስሎ ከመተርጐም የመጣ ሳይሆን አይቀርም። «የበረራ ማስተላለፊያ» በቂ ነው። «ማይክሮዌቭ»ን «ረቂቅ ሞገድ» ማለትም ያሳስታል፤ በ2 ጊጋኸርዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከስንዝር ጥቂት ያነሰ ነገር ረቂቅ አይባልም። ቃሉ በየወጥ ቤቱ ምግብ ማሞቂያ ሆኖ መታወቁ አያስፈራንም፤ ምድጃውም የሚሠራው በዚያው ሰፈር፥ በ2.45 ጊጋኸርዝ ነው። «አሃዛዊ» ጥሩ ቃል ነው፤ ሆኖም ቊጥር ለሚያሳይ መስኮትም ስለሚነገር በመመሪያው ውስጥ «ዲጂታል» እንዲቆይ እንመርጣለን። አናሎግ ምስል ሞገዱ ሲደክም ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ዲጂታሉ ጥርት ብሎ ቈይቶ ድርግም ይላል፤ ለዚህ ጠባይ «ድርግምታ» የሚል ስም ቢወጣለት ማንም አንባቢ ሳይብራራለት ይረዳዋል።

ያልተፈታው «ቀጥታ» ነው። «ቀጥታ ሥርጭት» በሕዝቡ አፍ የገባ ስለሆነ ማንም አይነቅለውም። ነገር ግን በዚሁ መመሪያ ውስጥ ሞገዱ ከአንቴና ወደ አንቴና ሳይጋረድ የሚሄድበትም መንገድ «ቀጥታ መስመር» ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚህም በላይ ዲጂታሉ መሣሪያ ምስሉን ለመጭመቅና ለመፍታት ጊዜ ስለሚወስድ፥ «ቀጥታ» የተባለው ምስል ድርጊቱ ከሆነ በኋላ ዘግይቶ የሚደርስ ነው። በሄሊኮፕተሩ ያለው ጋዜጠኛ ከስቱዲዮ ሲጠየቅ ዝም ብሎ የሚቈየው በዚህ ምክንያት ነው። ለጊዜው ለሞገዱ መንገድ «ያልተጋረደ መስመር» የሚለውን ይዘን፥ ለዝግየቱ «ዝግየት»ን ትተን «የምስል ውዝፍ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ውዝፍ ግን ዕዳን ያስታውሳል፤ አልተስማማንበትም።